ክዳኑን ማን ይክፈተው? የመተማ መንገድና የሚፈላ ራዲያተር ታሪክ

ሚያዝያ 2010 ዓ.ም ነው። መተማ ዮሐንስ ሁለት ሌሊት አድረን ወደ ጎንደር እየተመለስን ነበር። የሄድነው ስለ ዐፄ ዮሐንስ ለመጻፍ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ የወደቁበትን ሜዳ በዓይናችን ካላየን አንጽፍም ብለን። የተሳፈርንባት ነጭ አባዱላ ገንዳ ውሃን አልፋ፣ ሜዳውን ጨርሳ፣ ወደ ነጋዴ ባሕር የሚያወጣውን ዳገት ተያይዛዋለች። ሾፌሩ ድንገት ማሞቂያውን ከፈተው። በዚያ ቃጠሎ! ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ እሱ ግን መልስ አልሰጠም። ቀጥሎ አንድ ጣፋጭ ሽታ መጣ። ከመሃላችን አንዱ "ማነው ከረሜላ የከፈተው?" ብሎ ጠየቀ። (ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ ከረሜላ ሆኖ ቀርቷል፤ በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እንጠይቀዋለን።) ብዙም ሳይቆይ ጋቢና የተቀመጡት ሁለት ወዳጆቻችን ከወንበራቸው ሥር እንፋሎት ሲወጣ አይተው መኪናዋ ሳትቆም ከበሩ ጋር ይታገሉ ጀመር።

ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመ። ረዳቱ፣ ዕድሜው ከአሥራ ሰባት የማይበልጥ ቀጭን ልጅ፣ የጋቢናውን ወንበር ገልብጦ፣ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሰደደ።

"ተው!"

ሁላችንም ደነገጥን። ሾፌሩ ምንም ሳይጨምር የቀኝ እጁን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰበሰበው። ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ ድረስ ቆዳው ተጨማዶ፣ ነጣ ብሎ፣ የሌላ ሰው እጅ የተቀጠለበት ይመስላል።

"ይሄ ምን ይመስልሃል?" አለው ልጁን።

"እሳት።"

"ውሃ ነው። በአንተ ዕድሜ።"

ከዚያ በኋላ አንድ የዕጣን ዛፍ ሥር ተደርድረን ተቀመጥን። (የዕጣን ዛፍ በሚያዝያ ቅጠል የለውም። ጥላው ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ነው፤ ፀሐይዋ ስትዞር አብረን እየዞርን ነበር።) ስለ ዐፄ ዮሐንስ ያሰብነው ጽሑፍ እስከ ዛሬ አልተጻፈም። ይሄኛው ግን እዚያ ዛፍ ሥር ተጀመረ።

*

መንገዱን ለማያውቀው አንባቢ እንዲህ ነው። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ጎንደር ተነስቶ በአዘዞ፣ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕር፣ በገንዳ ውሃና በኮኪት አድርጎ 700 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው መተማ ዮሐንስ ይወርዳል። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ወደ 1,400 ሜትር ቁልቁል ማለት ነው። ጠዋት ጎንደር ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው መተማ ሲደርስ ጋቢውን የት እንደሚጥለው ግራ ይገባዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ የሙቀት መለኪያው 40 ዲግሪን ያልፋል።

መኪና ከመምጣቱ በፊትም ይህ መንገድ የውሃ ሒሳብ ነበር። ክረምት ከሆነ የቆላው ዋልካ አፈር እግር ይይዛል፤ በጋ ከሆነ ወንዙ ይደርቃል። ጭቃን ወይስ ጥምን? ነጋዴውም ወታደሩም የሚመርጠው ጥምን ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም ከጎንደር ወጥቶ በራስ ፊል በኩል ወደ ስናር የወረደው በበጋ ነው። የዐፄ ዮሐንስ ጦር መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም መተማ ላይ ከድርቡሽ ጋር የገጠመውም በዚያው በደረቁ ወር ነው። ያ ሁሉ ሰው፣ በቅሎና ፈረስ ስንት እርኮት ውሃ እንደጠጣ የጻፈ ዜና መዋዕል አላጋጠመንም። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ጎራዴውን ይቆጥራሉ፤ ውሃ ቀጂዋን ግን... ለማንኛውም ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

መኪና ሲመጣ ጥሙ ከበቅሎዋ ወደ ሞተሩ ተዛወረ። ሞተር የሚያቃጥለውን ነዳጅ ሁሉ ወደ ጉልበት አይለውጠውም፤ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ያንን ሙቀት የሚወስድለት ካላገኘ ራሱን በራሱ ያቀልጣል። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ውሃቸውን እያፈሉ እያተነኑ ነበር የሚሄዱት፤ ስለዚህ በየመንገዱ ይጠጡ ነበር። መላውን ያገኘው ጀርመናዊው መሐንዲስ ዊልሄልም ማይባህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ ለመርሴዲስ መኪና የማር እንጀራ የሚመስል ራዲያተር ሠራ፤ ውሃው በብዙ ቀጫጭን መተላለፊያዎች መካከል ሲያልፍ ነፋሱ ሙቀቱን ይቀማዋል፣ የቀዘቀዘው ውሃ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ዛሬም መሠረቱ ይኸው ነው። የመጀመሪያዋ መኪና ለዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ የደረሰችው በ1900 ዓ.ም፣ ቤንትሌይ በሚባል እንግሊዛዊ እየተነዳች፣ ከጅቡቲ የአፋርን በረሃ አቋርጣ ነው። የማይባህ ራዲያተር ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበረ ማለት ነው።

ኮፈኑ ሥር ያለውን አማርኛ የሰጠን ግን እንግሊዝም ጀርመንም አይደለም። ጣሊያን አምስት ዓመት ተቀምጦ ተባረረ፤ ጋራዥ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። ኮፈን፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ናፍታ፣ ጓርኒሲዮን... ሁሉም የእሱ ቃላት ናቸው። አያቶቻችን ጠላትን አባርረው መፍቻውን ቀሙት። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው ፊያት 634 የጭነት መኪናም ከወረራው ጋር መጥቶ፣ ወራሪው ከሄደ በኋላ በኢትዮጵያውያን እጅ ስንት ዘመን አገለገለ። መሪውን የያዘው ሾፌር ነው፤ ጭነቱ ላይ የሚቀመጠው፣ ታኮ የሚያደርገው፣ ከወንዝ ውሃ የሚቀዳው ደግሞ ረዳት። የረዳት ሙያ እንዲህ ተወለደ። ሥራው ግማሹ ውሃ ነበር።

*

እዚህ ላይ ከመምህሮቻችን ጋር ትንሽ እንጣላ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለው ያስተማሩን ስለ ባሕር ጠረፍ ሲያወሩ ነው። ጎንደር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። (ደጋ ላይ ሽምብራ አልበስል የሚለው በዚህ ነው እንጂ በእናቶቻችን ስንፍና አይደለም።) መተማ ላይ ደግሞ 98 አካባቢ ነው። አሁን ጭነት የያዘ የድሮ መኪና ከመተማ ተነስቶ ወደ አይከል ሲወጣ አስቡት። ሞተሩ ከማንኛውም ጊዜ በላይ ይሠራል። አየሩ ገና የቆላ አየር ነው፣ አያቀዘቅዝም። መኪናው በዝግታ ስለሚሄድ ነፋስም የለም። ከዚህ ሁሉ በላይ በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ውሃው የሚፈላበት ልክ ዝቅ እያለ ይመጣል። ዳገቱ መኪናውን ከታችም ከላይም ነው የሚይዘው። መኪኖች መተማ ሜዳ ላይ ሳይፈሉ ደጋ ሊደርሱ ሲሉ የሚፈሉት ለዚህ ነው። ሲወርዱ የሚቃጠለው ፍሬን፣ ሲወጡ የሚቃጠለው ሞተር።

በዚህ ጠረፍ ላይ ብረት ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት የተፈተነው በ1933 ዓ.ም ጦርነት ነው። ጣሊያኖች ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም ከመተማ ፊት ለፊት ያለችውን ጋላባትን ያዙ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም ዊልያም ስሊም የሚባል የእንግሊዝ ብርጋዴር 10ኛውን የህንድ ብርጌድና ጥቂት ታንኮች ይዞ ሊያስመልሳት ገሰገሰ። ምሽጉን ጠዋት ያዘ። ከዚያ ግን አብዛኞቹ ታንኮች ሳር ውስጥ የተሸሸገው ቋጥኝ ሰንሰለታቸውን እየበጠሰ፣ ፈንጂ እያገኛቸው ቆሙ። መለዋወጫ የጫነው መኪናም በአየር ድብደባ ተቃጠለ። በዚያ ላይ የሰማዩ የበላይነት የጣሊያን ነበር፤ ስሊም በማግስቱ ለቅቆ ተመለሰ። በኋላ በበርማ ግንባር ስመ ጥር የሆነውና ፊልድ ማርሻል የተባለው ይኸው ሰው ነው፤ የመተማን ነገር ግን ራሱ በጻፈው መጽሐፍ እንደ ጥፋቱ ይተርከዋል። በዚያው ዓመት ጥር 12 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከመተማ በስተደቡብ በኡም ኢድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ ጓዙን የተሸከሙት በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች ናቸው። አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ። መኪናው ያልቻለውን ግመል ሞከረው፣ ግመሉ ያልቻለውን ሰው ተሸከመው።

ያ ጦርነት አንድ ነገር ትቶልናል፦ ጀሪካን። እንግሊዞች ነዳጅና ውሃ የሚይዙት በሚያፈስ ስስ ቆርቆሮ ነበር። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1937 የሠሩትን ጠንካራ ብረት ዕቃ በረሃ ላይ ማርከው ሲያዩት ቀኑበትና ቀዱት፤ ጀርመኑን "ጄሪ" እያሉ ይጠሩት ስለነበር ዕቃውም ጀሪካን ተባለ። ዛሬ ፕላስቲክ ሆኖ፣ ቢጫ ሆኖ፣ በየአባዱላው ወንበር ሥር ተኝቷል። የእኛ ረዳት ሁለት ነበረው።

*

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ዘመን የኤንትሬ ነው። ፊያት 682። ጣሊያኖቹ ራሳቸው የአፍሪካ ንጉሥ ያሉት መኪና። የእኛ ሾፌር ረዳት ሆኖ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። "የኔዪቱ ኤንትሬ ክዳኗ ላልቶ ነበር" አለን፣ "እንደ ድስት ነው የምትከፍተው። ትፈላለች፣ ታቆማለህ፣ ወንዝ ትወርዳለህ፣ ትሞላለህ፣ ትሄዳለህ። ማንም ተቃጥሎ አያውቅም።" ራዲያተሩም መዳብና ነሐስ ነበር፤ ከተቀደደ መንገድ ዳር ከሰል አንድዶ በቆርቆሮ ማጣበቂያ መድፈን ይቻላል። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ እንቁላል የሚሰብርበትም ነበር፤ ይህ ዘዴ በየአገሩ አለ። የዚያ ዘመን ሾፌር የፈላ መኪና አያስደነግጠውም። የጉዞው አካል ነበር፤ ቡና የሚጠጣው ያኔ ነው።

ቀጥሎ አይሱዙ መጣ። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት የሱዳን ቤንዚን በመተማ በኩል ይገባ ስለነበር፣ ሰሊጡም ስለደራ፣ መንገዱ በቦቴና በአይሱዙ ተጨናነቀ። (ያኔ አይሱዙን ምን ብለን እንደምንጠራው ታስታውሳላችሁ፤ "አልቃይዳ"።) እነዚህ መኪኖች ራዲያተራቸው የታሸገ ነው። ክዳኑ ውስጥ ምንጭና ቫልቭ አለ፤ ውስጡን ከውጭው አየር አንድ እጥፍ ገደማ በሚበልጥ ግፊት ያፍነዋል። ግፊቱ ሲጨምር ውሃው የሚፈላበት ልክም ይጨምራል፤ አይከል ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ድንቅ ብልሃት ነው። ክፉ ነገሩ ግን ይህ ነው፦ 110 ዲግሪ ደርሶ ጸጥ ያለ ውሃ ክዳኑ የተከፈተለት ዕለት በአንዴ በ93 ዲግሪ ወደሚፈላበት አየር ይወጣል። እንፋሎት ደግሞ ከውሃ ከሺህ እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ቦታውን የሚያገኘው ከረዳቱ እጅና ፊት ላይ ነው። የእኛ ሾፌር እጁን የከፈለው ከኤንትሬ ወደ አይሱዙ በተዛወረ በሁለተኛው ወር ነበር። መኪናው ሲለወጥ ክዳኑም እንደተለወጠ የነገረው ሰው የለም። ማን ይንገረው? ረዳት የሚማረው አይቶ ነው፤ ያየው ደግሞ ድስት ሲከፈት ነው።

ውሃውም እንዲሁ ተለውጧል። ኩላንት የምንለው አረንጓዴ ወይም ቀይ ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ የዋለው ለቀዝቃዛ አገር፣ ውሃ በረዶ እንዳይሆን ነው። "እኛ ዘንድ በረዶ የት አለ?" ይላል የአገራችን ሾፌር፣ ተራ ውሃ እየሞላ። ግማሽ በግማሽ ከንጹሕ ውሃ ጋር የተደባለቀ ኩላንት ግን የመፍላት ልኩንም ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትም ይከላከላል። የአሁኑ ራዲያተር አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ነው፤ እንደ መዳቡ አይበየድም፣ የወንዝ ውሃም አይወድም። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እዩት፤ ያ ነጭ ቅርፊት በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥ ሲጋገር አስቡ።

ዛፉ ሥር ተቀምጠን ሾፌራችን ይህን ሁሉ በራሱ ቋንቋ ነገረን። "ዳገት ላይ የሚፈላ፣ ቆሞ የሚበርድ ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል። ቆሞ የሚፈላ፣ ሲሮጥ የሚበርድ ከሆነ ፋኑን እይ። ከታች ጠብ ሳይል ውሃው በየቀኑ የሚጎድል፣ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ የሚወጣ፣ የሞተር ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ ሄዷል፤ መንገድ አትጀምር። መርፌው ቀይ ላይ ቆይቶ ድንገት ወደ ታች ከወረደ ደግሞ ደስ አይበልህ፤ ውሃው አልቆ ነው፣ መለኪያው የሚነካው አጥቶ።" ማሞቂያውን ለምን እንደከፈተብንም ያኔ ገባን። ማሞቂያ ትንሽዬ ሁለተኛ ራዲያተር ነው፤ የሞተሩን ሙቀት ወስዶ እኛ ላይ ነበር የሚያራግፈው። ይቅር ብለነዋል።

*

ከዚያ ጉዞ በኋላ ነገሩ አልለቀቀንም፤ ጋራዥ ስንገባ የምንጠይቀው ይህንኑ ሆነ። አንድ ወዳጃችን በቪትስ መተማ ድረስ ሰሊጥ ሊገዛ ይመላለስ ነበር። ራዲያተሩን ለዓመታት በየመንገዱ ባገኘው ውሃ ሞልቶታል። አንድ ቀን ካምቢዮው መንሸራተት ጀመረ፤ ነዳጅ ይረግጣል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም። አይሱዙ በገመድ ጎትቶ ደጋ አደረሰለት። አንድ ጋራዥ (ስሙን አንጠራም) "ካምቢዮው ሞቷል" ብሎ ሌላ ያገለገለ ካምቢዮ ገጠመለት። በወሩ ያኛውም ሞተ።

ለምን? እ.ኤ.አ. በ1940 ጄነራል ሞተርስ በኦልድስሞቢል ላይ የመጀመሪያውን ለብዙ ሕዝብ የተሠራ ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲሸጥ (ስሊም ጋላባት ላይ ታንኮቹን ባጣበት ዓመት ነው) ፍሪሲዮን መርገጥ ቀረ። የእግራችንን ሥራ ዘይት ተረከበው። ዘይቱ ግን ይሞቃል፤ ስለዚህ በብዙ መኪኖች ላይ በራዲያተሩ ጋን ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ይቀዘቅዛል። ውሃና ዘይት ጎን ለጎን፣ መሃላቸው ስስ ብረት። ተራ ውሃ ለዓመታት ያንን ብረት ሲበላው ሁለቱ ይገናኛሉ። ወዳጃችን የራዲያተሩን ክዳን (በርዶ!) ቢከፍተው እንጆሪ የተጨመረበት ወተት የመሰለ ነገር ያይ ነበር። ጋራዡ ካምቢዮውን ለወጠ እንጂ ራዲያተሩን አልለወጠም፤ አዲሱ ካምቢዮ ያንኑ ወተት ጠጣ። በገመድ መጎተቱም አልረዳም፤ ሞተሩ ሲጠፋ አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት የሚገፋው ፓምፕ ይቆማል፣ ጎማው ግን ይዞራል፣ ብረት ብረትን ይበላል። ለኤንትሬ ደግነት የነበረው ገመድ ለቪትስ ሞት ነው።

የካምቢዮ ዘይት ሲሞቅም ይናገራል። በብዙዎቹ ላይ አዲሱ ቀይና የሚያሳይ ነው። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካመጣ በስሏል። ብዙ ትንንሽ መኪኖች ደግሞ ሲቪቲ ስለሆኑ የራሳቸው ዘይት አላቸው፤ "ዘይት ዘይት ነው" የሚል ሰው መኪናችሁን አይንካ።

ከጥር 2016 ዓ.ም ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ያሉን ያሉን ናቸው፤ ራዲያተራቸውም አብሮን ያረጃል። (ኤሌክትሪክ የገዛችሁ ወዳጆች አትሳቁ፤ የብዙዎቹ ባትሪም የሚቀዘቅዘው በኩላንት ነው።) መንገዱም የድሮው አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጓዛቸውን ይዘው በመተማ በኩል ገቡ፤ ያንኑ ዳገት ወጡት። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በዚህ መስመር ሾፌርና ተሳፋሪ እየታገተ ገንዘብ የሚጠየቅበት ጊዜ መጥቷል። መኪናው ሲፈላ ቆሞ ቡና የሚጠጣ ሾፌር ነበረ ብለናል። አሁን የት ያቁም? የሚፈራ ሾፌር መርፌው ቀይ ላይ እያለ ይነዳል፤ ካቆመም ክዳኑን ቶሎ ክፈት ይላል። ልጁም ይከፍታል።

የእኛ ልጅ ግን ያን ቀን አልከፈተም። የፈሰሰው ከላይኛው የውሃ ጎማ ጫፍ፣ ከማሰሪያው ሥር ተሰንጥቆ ነው፤ ሾፌሩ ቢላዋ አዘጋጅቶ ተቀምጧል፣ የተሰነጠቀውን ቆርጦ መልሶ ሊያስረው። "ጎማውን ጨብጥና ቁጠር" አለው። "አሥር እስክትደርስ ካልለቀቅከው ክዳኑን ትከፍታለህ፤ ያውም ግማሽ ዙር ብቻ፣ እስኪተነፍስ።" ልጁ ጨበጠ። ሦስት ላይ ለቀቀ። ተቀመጠ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አምስት ደረሰ። ቢጫዎቹን ጀሪካኖች ወደ ጥላው (ወደ ሌለው ጥላ) ጎተታቸው። እንደገና ተነሳ፣ ሰባት። ከረሜላ ሰዓቱን እያየ ሊጮህ ሲል ሾፌሩ በዓይኑ ዝም አሰኘው።

አሥር ሲል ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።